የናሙና ካርቶኑ ኳኳታ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ መጀመሪያ ይሄን ያዙልኝ። ጎረቤታችን "ጣሪያዬ ላይ ሰው ሲራመድ አደረ" ስትል "ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ተለጥጦ ማታ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ነው" ብዬ ወሬዋን የማበላሽባት፣ ሜካኒካል ምህንድስና የተማርኩ፣ ያውም በማኑፋክቸሪንግና በቁሳቁስ ጥናት ላይ የሠራሁ፣ ነገር በቁጥር ካልመጣልኝ የማይዋጥልኝ ደረቅ ሴት ነኝ። ሌላ ሰው ይሄን ቢነግረኝ በሳቅ ነበር የምሞተው። የደረሰው ግን በእኔው ላይ ነው፣ ደግሞ በጨለማ አይደለም፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አሶሳ ከተማ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ!

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ ባምባሲ የሰፈረ ገበሬ ነው፣ እኔም እዚያው ተወለድኩ። የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በአገራችን ሽመል ላይ ነው፣ ያው የቆላውን ቀርከሃ ማለቴ ነው፣ ስንት ኪሎ ሲጫነው እንደሚሰበር፣ ሲረጥብ ምን ያህል እንደሚደክም ለማወቅ ስንቱን ቁራጭ በማሽን ስጎትት፣ ስጫን፣ ሳጎብጥ፣ ስሰብር ከረምኩ። አባቴ ይሄን ሰምቶ "እግዜር ሲቆጣ ሽመል አይቆርጥም ሲባል ነበር የማውቀው፣ አንቺ ምን ቢያስቆጡሽ ነው ይሄን ሁሉ የቆረጥሽው?" ብሎ ቀለደብኝ። ስብርባሪዎቹን መጣል አሳዘነኝና በየአንዳንዳቸው ላይ ቁጥር ጽፌ፣ በካርቶን አሽጌ፣ አሶሳ የሽመል ዕቃ የሚያመርት ትንሽ ወርክሾፕ ስቀጠር ይዣቸው መጣሁ፣ ስቶሩ ውስጥ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኳቸው።

ወርክሾፑ ውስጥ ሽመል የሚመርጡት አባ ሐሚድ ናቸው፣ የሆሞሻ ሰው፣ በብሔራቸው በርታ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሽመል ሲቆርጡ የኖሩ ሽማግሌ። አማርኛን ገበያ ላይ ስለለመዱት ሴቱም ወንዱም ለእሳቸው "አንተ" ነው፣ እኔንም "አንተ ኢንጂነር" ነው የሚሉኝ፣ ደስ ይለኛል። ጭነት ሲመጣ አንድ በአንድ እያነሱ በጣታቸው አንጓ ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ይጥሉታል። የግራው ለአጥር ነው። ምን እንደሚያዳምጡ አንድ ቀን እንኳን ከልቤ ጠይቄያቸው አላውቅም፣ ምክንያቱም እኔ የእርጥበት መለኪያ አለኝ።

ሆሞሻ አካባቢ ላለ አንድ ጤና ኬላ የውሃ ታንከር የሚሸከም ማማ እንድንሠራ ታዘዝን። አራት እግር፣ እያንዳንዱ እግር ስድስት ሽመል በብረት ቀለበት የታሰረ። ሦስቱ እግሮች አለቁና ለአራተኛው የሚሆን ሽመል ጎደለ፣ ርክክቡ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ወደ ግራው ክምር ሄድኩ።

"አባ ሐሚድ፣ ከእነዚህ ስድስት ልውሰድ።"

"ኢንጂነር፣ ይሄ ለአጥር ነው። ይሄ ዝም ይላል።"

"ዝም ማለቱ ምን ይጎዳል? እኔ እንደሆነ ሥራ ላይ ወሬኛ አልፈልግም!"

ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። "እኔ ተናገርኩ። ኸላስ፣ አለቀ" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ለካሁት፤ ውፍረቱ ጥሩ፣ እርጥበቱ ጥሩ፣ ቀጥ ያለ፣ ፊቱ የሙሽራ ፊት ነው። ከእሱ ቁራጭ ወስጄ ማሽን ላይ መስበር ነበረብኝ፣ ችኮላው አሸነፈኝና ከመጀመሪያው ጭነት ያገኘሁትን ቁጥር ለእሱም ጻፍኩለት። ጥናቴ ላይ "ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ይወሰድ" ብዬ በደማቁ የጻፍኩት እኮ እኔው ነኝ!

ዓርብ ጠዋት ማማውን ግቢው ውስጥ አቁመን ታንከሩን ሞላን። እንዲህ ሞልቶ መዋል አለበት፣ እኛ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ መጉበጥ አለመጉበጣቸውን ለማወቅ እግሮቹ ላይ በሚስማር የመታናቸውን ማስመሪያዎች እያነበብን መመዝገብ አለብን። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ወንዶቹ በሙሉ ለጁምዓ ሄዱ፣ አባ ሐሚድም ሄዱ። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ዘይነባ ነን። ዘይነባ ቴክኒሻናችን ናት፣ ጓደኛዬም ናት፣ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ሦስተኛውን ሰባት ወር ያደረሰች፣ ደረጃ እንኳን ስትወጣ "ቀስ በይ" የምንላት። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማንጎው ሥር ብንቀመጥ ማስመሪያው አይታይም፣ ስለዚህ ወንበር አምጥቼ እዚያው ማማው ሥር፣ የታንከሩ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳት። በእነዚህ በገዛ እጆቼ።

መጀመሪያ የሰማሁት ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከዚያ ዝም። ከስቶሩ ውስጥ ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ማሽን የለም፣ ስቶሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አይጥ ይሆናል ብዬ ሄጄ ከፈትኩ፣ አቧራና ጸጥታ ብቻ። ቆልፌ ተመለስኩ።

ገና ሳልቀመጥ ደገመ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አሁን በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ቆምኩ፣ እመኑኝ፣ የአባ ሐሚድ አመታት ነው፣ ያው ልክ፣ በጣት አንጓ፣ መትቶ መልስ የሚጠብቅ ሰው አመታት። ድምፁ ከላይኛው መደርደሪያ ነው የሚመጣው፣ ከካርቶኔ። ከፈትኩ፣ ቀና ብዬ አየሁት፣ ፕላስተሩ እንደታሸገ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው አቧራ ግን ገና እየረገበ ነበር። በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

"መሲ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል" አለችኝ ዘይነባ ስመለስ።

"ኳኳታው አይሰማሽም?"

"የምን ኳኳታ? እኔ ምንም አልሰማሁም።"

ሦስተኛው ሲመጣ ልቤ ከዳኝ፣ እውነቴን ነው። ጀግና ለመምሰል የቀረኝ ነገር አልነበረም። "ዘይኑ፣ አብረሽኝ ነይ፣ ብቻዬን አልገባም" አልኳት።

"እግሬ አብጧል እባክሽ፣ ተይኝ፣ አሁን ነው የተቀመጥኩት።"

እዚህ ላይ ልተዋት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ፍርሃቴ ግን ይሉኝታዬን በለጠና እጇን ይዤ ጎተትኳት፣ እያጉረመረመች ተነሳች፣ ዳሌዋን ይዛ ቀስ እያለች ተከተለችኝ። ስቶሩ በር ላይ ደርሰን ቁልፉን ሳዞር ከኋላችን ግቢው ተናወጠ። ስንዞር ማማው የለም። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን መጣ፣ ወንበሯ ከታንከሩ ሥር እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል።

ማልቀስ ይሁን መሳቅ አላውቅም፣ ሁለቱንም አደረግሁት። ዘይነባ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች፣ እኔ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ እግሯን ይዤ "ይቅር በይኝ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባ ሐሚድ ከመስጊድ ሲመጡ አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። የወደቀውን አራተኛ እግር አንኳኩት፣ ዝም አለ። በገጀራ ሲሰነጥቁት ውስጡ ሙሉ ዱቄት ነው፣ የነቀዝ ዱቄት። "ዝናብ ጊዜ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ውስጡ ጣፋጭ ነው፣ ነቀዝ ይወዳል" አሉኝ። ወዲያው ገባኝ፣ ስኳርና ስታርች የሞላበት ሽመል ነው፣ መጽሐፉም የሚለው ይሄንኑ ነው። ደግሞም ሽመል ከመሰበሩ በፊት ይንቋቋል፣ እንግዲያው የሰማሁት እሱን ነው ብዬ ትንፋሼ ተመለሰልኝ።

"የሰማሁት የዚህን መንቋቋት ነው፣ አባ ሐሚድ፣ ሊሰበር ሲል።"

"ኢንጂነር፣ ይሄ ዱቄት ነው። ዱቄት አያንኳኳም።"

ወደ ስቶሩ ወስጄ ኳኳታው የመጣበትን ካርቶን አሳየኋቸው። ካርቶኑን አወረዱት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሦስት ጊዜ መቱት፣ ረጅም ጊዜ ጠበቁ፣ ከዚያ መልሰው ሰቀሉት።

"ምን አለ?" አልኳቸው፣ እኔ መጠየቄ ራሱ እየገረመኝ።

"ለኔ አልተናገረም። እኔ አልሰበርኩትም፣ አንተ ነው የሰበርከው፣ አንተን ነው የሚያውቀው።"

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በሪፖርቴ አንድም ሳልሸሽግ ጻፍኩ፣ ከሥራ አላባረሩኝም፣ አዲሱን ማማ በአባ ሐሚድ ጆሮም በእኔ ማሽንም ፈትነን ሠራነው፣ ሆሞሻ ላይ ይኸው ቆሟል። ዘይነባም በቀኗ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ጤነኛ፣ ድምፁ ሰፈር የሚያናውጥ። በሰባተኛው ቀን አቂቃው ላይ፣ ስም በሚወጣለት ድግስ፣ እንግዳው ሲቀል፣ ልጁን አቅፌ ተቀመጥኩና "ያኔ ኳኳታውን ሰምተሽ ቢሆን እኮ እብድ አልመስልም ነበር" አልኳት እየሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። "መሲ፣ በጆሮዬ አልሰማሁም። እውነቴን ነው።"

"ታዲያ?"

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "እሱ ነው። ሦስት ጊዜ መታኝ፣ ዝም አለ። አንቺ ወደ ስቶሩ ለመሄድ ስትነሺ፣ በየጊዜው፣ ልክ በዚያው ሰዓት። ለመጨረሻ ጊዜ ሲመታኝ ነው ተነስቼ የተከተልኩሽ፣ ለአንቺ ብዬ አይደለም።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ።"

ልጁ ደረቴ ላይ ተኝቶ ትንፋሹ አንገቴን ያሞቀኛል፣ ተመስገን፣ አለ፣ ይሄው ይተነፍሳል፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ። ግን ጀርባውን እንኳን መታ መታ ላደርገው አልደፈርኩም።