በታንኳችን ግን ትሻገራላችሁ

ደርበው ውሃ ለማየት እንደሚሄድ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሰው ቢሰማ «ምን ሊያደርግ?» ይላል። «ምን ሊያደርግ» ከተባለ ደግሞ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» መከተሉ አይቀርም። ስለዚህ እሑድ ከመጋዘኑ ሥራ ሲያርፍ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ የካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ግድብ፣ ግሌንሞር ይወርድና ከውሃው ዳር ቁጭ ይላል።

በፈረንጆቹ 1996 ዓ.ም.፣ በሰኔ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ሳለ አንዲት ልጅ በቀይ ካያክ ውስጥ እንደ እንዝርት ስትሽከረከር አየ። ካያክ ላዩ የተከደነ፣ እግር ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀጭን ጀልባ ነው፤ መቅዘፊያው ግራና ቀኝ ምላስ አለው። ልጅቷ በአንድ እጇ መቅዘፊያውን፣ በሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ ካሜራ ይዛለች። ሁለቱንም አልቻለቻቸውም።

አወቃት። ሠናይት ናት፤ የካልጋሪ ሐበሻን ሠርግና ክርስትና ሁሉ በቪዲዮ የምትቀርጸው። የሐበሻው ኮሚዩኒቲ ሽማግሌ የጋሼ ወልደየስ የእህት ልጅ፤ እሳቸው ቤት የምትኖር።

«በክንድሽ አይደለም» አላት ከዳር ሆኖ። «በወገብሽ ነው።»

«ሶሪ?»

«ወገብሽን አዙሪ። ክንድማ ይደክማል።»

«ካያክ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ማን አስተማሪ አደረገህ?»

ብትስቅም ወደ ዳር ወጣችና መቅዘፊያውን ሰጠችው። ደርበው ገባ፣ ተቀመጠ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አለ... ጀልባው ውሃውን እንደ ቢላ ሰንጥቆ ሄደ። ሲመለስ ሠናይት ካሜራዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር።

«ዋሽተኸኛል» አለችው።

«ካያክ አላውቅም አልኩሽ እንጂ ውሃ አላውቅም መቼ አልኩ?»

«የት ተማርክ?»

«የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር።»

የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ውሸት ነው። አባቱ የዘጌ ሰው ነበር፤ ልጁ ዳዴ ሳይል ሞተ። እናቱ ግን ራሳቸውን ነገደ ከሚሉት፣ ሌላው ሰው አፉን አጣሞ ወይጦ ከሚላቸው ወገን ናት። ያሳደጉት ወንድሞቿ ናቸው፤ ከደንገል ታንኳ ሠርተው ጣና ላይ እንጨትና ሰው የሚያመላልሱት። ትምህርት ቤት የክፍሉ ልጆች ከአንድ ጣሳ ውሃ ሲጠጡ ለሱ ሌላ ጣሳ ነበረው፤ የዛገች፣ ጆሮዋ የተሰበረ። ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱንም ጣሳዋንም ጥሎ ወጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሀገር ለውጦ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የመጋዘን ሰፈር ካርቶን እየጫነ፣ ያቺ ጣሳ ተከትላው መጥታለች።

ሠናይት ሌላ ጣጣ ነበራት። «የሰው ሠርግ ስቀርጽ ሰባት ዓመቴ» አለችው በሦስተኛው እሑድ። «ኬኩ አንድ፣ ጭፈራው አንድ። ውሃ ላይ ፊልም መሥራት ነው የምፈልገው። የኬብል ቻናሉ በጥቅምት ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ከፊቴ የሚቀዝፍ ሰው ቸገረኝ።»

«ፈረንጅ አጣሽ?»

«ፈረንጅማ ሞልቷል። እንዳንተ የሚቀዝፍ ግን አላየሁም።»

ጋሼ ወልደየስ የፈቀዱት ልጃቸው ናሆሚ አብራ እስከሄደች ድረስ ነው። በሐምሌ ሦስቱ መኪና ሙሉ ዕቃ ጭነው ተራራውን አቋርጠው ቫንኩቨር ደሴት ወረዱ፤ ካያኮቹን እዚያው ተከራዩ።

ደርበው ባሕሩን በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። «ጨው ነው» አለ እንደተታለለ ሰው።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ናሆሚ፤ «ሊትራሊ ኦሽን ነው እኮ።»

ባሕሩ እንደ ሐይቅ አይደለም፤ ከሥር ነው የሚያነሳው። በሁለተኛው ቀን ማዕበሉ ሲያብጥ ሠናይት ደርቃ ቀረች።

«ውሃውን አትዪ፤ ጀርባዬን እዪ» አላት ደርበው። «ጀርባዬ ቀጥ ካለ አንቺም ቀጥ ብለሻል።»

ማታ እሳት ዳር እርጥብ ካልሲያቸውን ሲያደርቁ ጠየቀችው፦ «ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባህን ቀረጽኩ፣ ታውቃለህ?»

«ጀርባዬ ምን ያደርግልሻል?»

«ፊትህን እስክታሳየኝ...»

ደርበው ጠጋ አለ። እጇን ያዘ፤ እሷም አልነጠቀችውም። ናሆሚ «አላየሁም» ብላ ድንኳኗ ገባች።

በመጨረሻው ጠዋት ደርበው ቀድሞ ተነሳ። ወንዙ ባሕሩን በሚገናኝበት ረግረግ ላይ ፊላ በቅሏል፤ ደንገል ባይሆንም ዘመዱ ይመስላል። አላስቻለውም። ቆረጠ፣ ደረደረ፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ በእግሩ እየረገጠ አጠበቀ። በክንድ ልክ የምትሆን ታንኳ አሰረ። የአጎቶቹን ዜማ እያንጎራጎረ ውሃው ላይ ለቀቃትና እስክትርቅ ዓይኑን ተከለባት። ሰው ያየው አልመሰለውም። ሠናይት ግን በድንኳኑ ቀዳዳ አራት ደቂቃ ሙሉ ቀረጸችው። ፊቱን ያኔ አየችው። አልነገረችውም፤ የፊልሙ መጨረሻ ላይ ስታሳየው እንዲደነቅ ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኮሚዩኒቲው በተከራየው አዳራሽ ፊልሙ ታየ። ሰው በማዕበሉ ተሳቀቀ፣ በናሆሚ ሳቀ። ከዚያ አራቱ ደቂቃዎች መጡ። ደርበው ራሱን አየ፤ ገመዱ በጥርሱ።

ጋሼ ወልደየስ ከፊት ወንበር አንገታቸውን አሰገጉ። የደምቢያ ሰው ናቸው፤ ጣናን ያውቁታል። «ቆይ ቆይ... ታንኳ እንዲህ የሚያስር ማን ነው? ገመድ በጥርሱ የሚይዝ ማን ነው?» አሉ ጮክ ብለው። «የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ አልነበረም እንዴ? ይኼ ወይጦ ነው እኮ። መሀላችን ጉማሬ በላ ተቀምጦልናል።»

አንዱ ሳቀ። ሳቅ እንደ እሳት ነው፤ አንዱ ከጀመረው ይዛመታል። ሠናይት ፊልሙን አቁማ መብራቱን ስታበራ የደርበው ወንበር ባዶ ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ድረስ መጣች። ደርበው ውጭ፣ መጫኛው ዳር ተቀምጧል።

«ለማሳቅ ነበር የቀረጽሽኝ?»

«ሰርፕራይዝ ነበር።»

«ተገረምኩ።»

«ደርበው...»

«ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ከተማ አንድ ሰው ሳያውቀኝ ኖርኩ። አንቺ በአራት ደቂቃ ጨረስሽው።»

«ምኑን ነው የጨረስኩት? አላውቅማ! አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር ያልከኝ አንተ ነህ። ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ከኔ ጣሳ ትጠጪ ነበር?»

ሠናይት ምን ጣሳ እንደሆነ አታውቅም። ነገሩ ግን ገባት። አጠገቡ የነበረውን የውሃ ኮዳ አነሳችና ከአፏ ገጥማ ጠጣች። መሀል ላይ እንኳ አላረፈችም፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጥታ ባዶውን ፊቱ አስቀመጠችው።

«አሁን ሌላ ጥያቄ ጠይቀኝ።»

ደርበው ባዶውን ኮዳ አንስቶ ክዳኑን ገጠመበት።

«አጎቴ አራቱን ደቂቃ ከፊልሙ ቆርጠሽ አውጪ ብለውኛል» አለችው ቀስ ብላ። «ሰውየውንም ተዪ ብለውኛል።»

«አንቺስ?»

«ስለ ሰውየው እኔ መልሼላቸዋለሁ። ፊልሙ ግን ያንተ ፊት ነው። አውጪው ካልክ አወጣለሁ። ማንም አይጠይቅህም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ሆነህ ትኖራለህ። እኔ በሁለቱም አለሁ።»

ደርበው ብዙ አሰበ። ማውጣት ቀላል ነው። ሰው ይረሳል። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ያቺን የዛገች ጣሳ ኮቱ ውስጥ ደብቆ ሊዞር ነው።

«እስከ ኮሚዩኒቲው ፒክኒክ ጊዜ ስጪኝ» አላት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ገበሬ አስፈቅዶ ከኩሬው ፊላ አጨደ። ያደረቀው ዋይትሆርን ሰፈር፣ በሥራ ባልደረባው በፍስሐ ጋራዥ ውስጥ ነው።

«መኪናዬን ውጭ አሳድረህ ሣር ታደርቃለህ?» አለው ፍስሐ።

«ሣር አይደለም።»

«ጎረቤቴ ላም ገዛህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልከው?»

«በቅርብ ቀን ትመጣለች አልኩት።»

ፒክኒኩ በመስከረም መግቢያ ቼስተርሚር ሐይቅ ዳር ነበር። ጋሼ ወልደየስ በየድግሱ የሚያወሩትን ወሬ ይዘዋል፦ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር ወደ ዳጋ ገዳም ሲሻገሩ፣ መሀል ጣና ላይ ማዕበል ተነስቶ፣ አባታቸው ስለት ተስለው፣ በተአምር እንደዳኑ። የፍስሐ ፒክአፕ ደረሰ። ጀርባው ላይ የሰው ቁመት እጥፍ የሆነች ታንኳ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ።

ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ዞረ።

«አላልኳችሁም?» አሉ ጋሼ ወልደየስ።

«ብለዋል፣ ጋሼ» አለ ደርበው ከመኪናው ወርዶ። «እኔ ደግሞ ማስረጃውን ይዤልዎ መጣሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ዕለት ከማዕበሉ ያወጣችሁ ማን ነበር?»

«እግዚአብሔር ነዋ።»

«አሜን። መቅዘፊያውን የያዘውስ?»

ጋሼ ወልደየስ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «ያው... ባለታንኳው ነዋ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ነፍስዎን ያተረፈ ሰው ነው። ስሙን አልጠየቁትም። ዳር ስትደርሱ ውሃ ቢጠማው በየትኛው ጣሳ እንደሚሰጡት ግን አባትዎ ያውቁ ነበር።» ደርበው ድምፁን አልጨመረም። «በጣሳችን አትጠጡም፤ በታንኳችን ግን ትሻገራላችሁ። የማን ልጅ ነህ ስትሉኝ ኖራችሁ። እናቴ ዘይነባ ትባላለች። ያሳደጉኝ ወንድሞቿ ናቸው፤ ታንኳ ይሠራሉ። ይኸው መለስኩ። ሁለተኛ እንዳትጠይቁኝ።»

ማንም አልሳቀም። ከፍስሐ ጋር ታንኳዋን አንስተው ውሃ ላይ አኖሯት። ተንሳፈፈች።

ሠናይት ይህን ሁሉ ስትቀርጽ ቆይታ ካሜራውን ለናሆሚ ሰጠቻት።

«ያዢልኝ።»

«ዌር አር ዩ ጎይንግ?»

«ሰባት ዓመት ሰው ቀረጽኩ። ዛሬ እኔ ልቀረጽ።»

«ሠናይት፣ ተመለሺ» አሉ አጎቷ።

«ጋሼ፣ እወድዎታለሁ» አለች ሳትዞር። «አልመለስም።»

ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። ደርበው እጁን ዘረጋላት።

«ትሰምጣለች?» አለችው።

«አትሰምጥም። ውሃ ግን ትጠጣለች። ቀሚስሽ ይረጥባል።»

«ይርጠብ።»

ከኋላው ተቀመጠች። ደርበው ረጅሙን እንጨት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አለ፤ በወገቡ። ዳር ያለው ሰው እያነሰ ሄደ።

«አሁንም ጀርባህን ነው የማየው» አለችው።

ደርበው እንጨቱን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሙሉ በሙሉ ዞረላት። እያለቀሰ ነበር፤ አልደበቃትም።

ፊልሙ በጥቅምት በኬብል ታየ፤ አንዲት ሰከንድ አልወጣችም። በታኅሣሥ ማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ጋሼ ወልደየስ አልመጡም፤ ናሆሚ መጥታ ቀረጸች፤ እያጨበጨበች ስለቀረጸች ግማሹ ጣራ ነው። አልመጡም ብሎ የከፋው አልነበረም።

ካሴቱን ሀገር ለሚሄድ ሰው ሰጥተው ባሕር ዳር ላኩት። እናቱና ወንድሞቿ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው አዩት። በፋሲካ ሰሞን ደብዳቤ መጣ፤ ታላቁ አጎቱ በሰው እጅ ያስጻፈው።

«ልጅቷን ወደናታል። የታንኳዋ ጭራ ግን ላልቷል። የኛ ልጅ እንዲህ አያስርም፤ ሰው ይስቅብናል።»

ደርበው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበላት። ሁለተኛው ላይ ሳቁ አላስጨርሰው አለ። በሚቀጥለው ሐምሌ ሌላ ታንኳ አሰረ። ጭራውን አጥብቆ፣ ገመዱን በጥርሱ ይዞ፣ የፍስሐን ጋራዥ በር ወለል አድርጎ ከፍቶ... አላፊ አግዳሚው እያየው።