የኦቾሎው ሸማኔ

የአቶ በዛብህን አስከሬን ከእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ስር፣ ከገደሉ ግርጌ አነሱት። መጀመሪያ ያዩዋቸው ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ ነበሩ።

በማግስቱ ኢንስፔክተር እንድሪያስ የማረፊያው ሳሎን ሲገባ፣ እዚያ የተቀመጡት አስተናጋጅ መስሏቸው ውሃ አዘዙት። ዋጠው፤ እንዲህ ያለውን ንቀት ሲውጥ ነው የኖረው። ሰዎቹ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ቁጥር የሚከልሱ የኮሚቴ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሟቹን ጨምሮ ሦስት ነበሩ። የትኛው የድሮ ግምት ይጽና፣ የትኛው ይውደቅ የሚሉት እነሱ ናቸው።

«ትናንት የት ዋሉ?» አላት ሰብሳቢዋን፣ ዶክተር ሄራንን።

«ላንቴ፣ የሙዝ ገበሬዎች ዘንድ። ማንን ላገኝ! ሰው ሁሉ ለቅሶ ብሎ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ መንደር ወጥቷል። ከሾፌሩ ጋር ስንዞር መሸ።»

«ከሟች ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«መቼ ሳንጣላ ቀርተን! የኦቾሎ ሸማኔዎች ገቢ ግምት ይጣል አሉ፤ እኔ ይቆይ አልኩ።»

«ግምቱ የማን ሥራ ነው?»

«የናትናኤል። ስም ያወጣው በሱ ነው።»

ናትናኤልን አቶ በዛብህ ወላጆቹ ሲሞቱ ወስደው ያሳደጉት፣ ሙያውንም ያስተማሩት ናቸው። እግሩን አነባብሮ ጠበቀው።

«ትናንት ሞተር ተከራይቼ ኦቾሎ ዋልኩ።»

«ምን አዩ?»

«ምን ይታያል? ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ሰድዶ ይሸምናል፣ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ትፈትላለች። ለመሆኑ አንተ እስከ ስንተኛ ተማርክ?»

«እስከ ስምንተኛ።»

«ያስታውቃል።»

እንድሪያስ ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«የበረንዳው አጥር ደረት ይደርሳል፤ ተደናቅፎ የሚሻገረው የለም። ተገፍተዋል። በፊት ለፊት ማንም አልገባም፤ የጓሮው ቁልፍ ያለው በኮሚቴው እጅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ወርቄ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ዶክተር ከሾፌራቸው አልተለዩም። አቶ ናትናኤል፣ እርስዎ ቀሩ።»

«ኦቾሎ ነበርኩ አልኩህ እኮ!»

«ትናንት ኦቾሎ ትልቅ ሽማግሌ ተቀብሯል፤ ላንቴ ድረስ ባዶ እንደነበር ዶክተር ነግረውናል። እንዲህ ባለ ቀን እዚያ አይሸመንም፣ አይፈተልም፤ ነውር ነው። የነገሩኝ ኦቾሎ ሁልጊዜ የሚታየውን ነው፤ ትናንት የነበረውን አይደለም። ያላዩትን በተለመደው ሞሉት።»

ሄራን አፏን ያዘች። «ናትናኤል… ግምቱንም እንዲህ ነው የሠራኸው? ሳትሄድ?»

ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋሼ ደርሰውበት ነበር። ለኮሚቴው እናገራለሁ አሉኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ጀርባቸውን ሲሰጡኝ…»

ወይዘሮ ወርቄ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«ናቲ፣ ምን ብለው ነው የሚናገሩት ብለህ ጠየቅኻቸው?»

ናትናኤል ወደሳቸው ዞረ።

«‹ሳላጣራ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው› ሊሉ ነበር። ለኔ ነግረውኛል። የልጁን ስም አላነሳም አሉኝ።»

ናትናኤል ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። እንድሪያስ ይህን ኩሩ ሰው አዋርዶ ደስ የሚለው መስሎት ነበር። ካቴናውን ሲያወጣ ግን እጁ ከበደው።

ወይዘሮ ወርቄ ተነሡና መንገድ ዘጉበት።

«እህል ሳይቀምስ አትውሰደው፣ የኔ ልጅ። ከኔ ቤት ጦሙን ወጥቶ አያውቅም።»