ጨው የነካው ቁራሽ

የቬርን ታላቅ ካህን፣ ሊቀ መብራት አልድሪክ፣ በማማው ጫፍ ባለችው ክፍሉ፣ በብቸኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ዓይኖቹ ግን ተከድነው ደክሞት ያንቀላፋ ይመስላል። በቬርን ሕግ የሊቀ መብራትን ሬሳ ከንጉሡ መርማሪ በፊት የነካ በሞት ይቀጣል። ስለዚህ መርማሪዋ ዮርቫ ከሸለቆው ማዶ በበረዶው ውስጥ እስክትመጣ ሁሉም ከደፉ ውጭ ቆመው ጠበቋት።

«በሩን የከፈተው ማን ነው?» አለች።

«እኔ» አለ ምክትሉ ካህን ቶርን። «በረኛው ኦስሪክም ከጎኔ ነበር። ሁለታችንም ወደ ውስጥ አልገባንም። ግን ምኑ ይመረመራል? ከዳቦ ጋጋሪዋ ከሄልዳ ዳቦ በቀር የቀመሰው የለም። ጀንበር ስትጠልቅ ከድልድዩ ትወረወራለች።»

«ቸኮሉ፣ አባ።»

«የቸኮለው ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ዮርቫ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። አንድ ኩባያ፣ የተጋመሰ ዳቦ፣ በሟቹ ፊት ደግሞ የተገመጠ ቁራሽ አለ። በቁራሹ ላይ ብቻ ሻካራ፣ ግራጫ ጨው ተነስንሷል። ክፍሉን ዞራ ፈተሸች፤ የጨው ዕቃ አልነበረም። ከተጋመሰው ዳቦ ፈርፍራ በመስኮቱ ለሰፈሩት ርግቦች በተነችላቸውና ተቀምጣ ጠበቀች። ርግቦቹ በፍርፋሪው ተጣሉ፣ ጠገቡ፣ በረሩ።

ከዚያ ወደ እስር ቤቱ ወረደች። አሮጊቷ ዳቦ ጋጋሪ እጇ ከግድግዳ ጋር ታስሯል።

«መጣሽ ልጄ? ከመወርወሬ በፊት አንድ እጄን ፍቺልኝና አፍንጫዬን ልከክ። ከነጋ ጀምሮ ያሳክከኛል።»

ዮርቫ በጠባቂው አስፈታቻትና «እማማ ሄልዳ፣ ዳቦው ላይ ጨው ነስንሰሽ ነበር?» አለቻት።

«እኔ? አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም እንዴ? ጨው የሚነሰንስልሽ አብሮሽ ማዕድ የቀረበ ሰው ነው። በገዛ እጁ የሚነሰንስ የት ታየ? እሱ ከተቀባ ጀምሮ ብቻውን ስለሚበላ አልጫውን ነው የሚበላው። እኔ በበሩ ቀዳዳ ዳቦውን አሾልካለሁ፣ እጁ ይቀበለኛል፣ በቃ። አንዳንዴ እጁ ዳቦውን ይዞ እዚያው ይቀራል፤ አንድ ቃል እንድናገረው ይመስል። መናገር ደግሞ ክልክል ነው።»

«ዘመድ አልነበረውም?»

«ዘይቱ ሲፈስበት እናትም ወንድምም ይቀራል።» ሄልዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱን ኦስሪክን ጠይቂው። እኔ ምላሴን አላስቆርጥም።»

ኦስሪክ ባዶውን በር እንደ ወትሮው እየጠበቀ ነበር። ዮርቫ አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ ኦስሪክ፣ ሊቀ መብራት ወንድምዎ ነበር?»

«ድሮ። አሁን ‹ብፁዕ ሆይ› ነው የምለው።»

«ልጅ አለዎት?»

«ነበረኝ። ከጦር ሜዳ ሸሸ ብለው በመከር ሰቀሉት።»

«ምሕረት የሚሰጠው ማን ነበር?»

ኦስሪክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እሱ ነዋ! አገር ያወቀውን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል ዮርቫ ሦስቱንም ወደ ክፍሉ አስጠራች። ጠባቂዎቹ ሄልዳን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ዳቦው መርዝ የለበትም» አለች። «ርግቦቹ በልተውት ደህና ናቸው። መርዙ የተነሰነሰው ጨው ውስጥ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ጨው ስለሌለ ደግሞ ከውጭ ያመጣው ሰው አለ። በገዛ ዳቦው ላይ ጨው የሚነሰንስ የለም፤ እንግዲህ ሊቀ መብራት አብሮ የሚበላ ሰው ወደ ውስጥ አስገብቷል።»

«እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም!» አለ ቶርን።

«አድርጎታል፣ አባ። ሄልዳ ቁልፍ የላትም። ቁልፍ ያለው እርስዎና ኦስሪክ ጋ ነው።»

ቶርን ቀላ። «እኔን ነው?»

«ከንፈር የሚያጠቁረውን ይህን መርዝ የቀመሰ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚሞተው። የእሱ ግን እኔ ከመግባቴ በፊት ተከድኗል። የሟችን ዓይን ከሥጋ ዘመድ በቀር የሚከድን የለም፤ የባዕድ እጅ ከሆነ የሟቹ ኃጢአት ይተላለፍበታል። እርስዎ ሰው ቢገድሉ እንኳ የሌላ ሰው ኃጢአት የሚሸከሙ አይመስለኝም።»

«አመሰግናለሁ ልበል?»

ኦስሪክ ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«በሩን ከውስጥ አንኳኳ» አለ። «‹ኦስሪክ፣ ግባና አብረን እንብላ› አለኝ። ልጄ ሲሰቀል ‹ዘመድ የለኝም› ያለ ሰው! ነገ እመጣለሁ አልኩት፤ ጨዉን ይዤ መጣሁ። ስነሰንስለት እጄን እጄን ያይ ነበር። ‹ጣዕሙን እንኳ ረስቼዋለሁ› ብሎ አለቀሰ። ላስጥለው እጄን ዘረጋሁ፤ እሱ ቀድሞ ጎረሰ።»

«ዓይኑን ባይከድኑ ኖሮ ላላገኝዎት እችል ነበር» አለች ዮርቫ።

«አውቃለሁ። ታዲያ ሌላ ማን አለው?»

ጠባቂዎቹ ሄልዳን ለቀው እሱን ያዙት። ደረጃውን ሲወርድ አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላየም። ሄልዳ የተላጠ የእጅ አንጓዋን እያሻሸች አለቀሰች፤ ለራሷ ይሁን ለእሱ አልታወቀም። ቆይታ ቶርንን ቀና ብላ አየችው። ሊቀ መብራት ሲሞት ምክትሉ በዚያኑ ምሽት ይቀባል።

«ለነገ ዳቦውን ላቡካ እንዴ፣ አባ?»

ቶርን ወንበሩን አየ፤ ከዚያ ዮርቫን፣ እሷ ልትከለክልለት የምትችል ይመስል።

«እናቴ በሕይወት አለች» አለ።

ዘይቱን የያዙት ካህናት ደረጃውን መውጣት ጀምረው ነበር።