ያልሞቱት ጫጩቶች

መምህሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የተማሪዎቹ ጫጩቶች በሚያድጉበት ክፍል ውስጥ፣ ፍራሹ ላይ በጎኑ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ያለው የከሰል ማንደጃ አመድ ብቻ ቀርቶታል፤ የክፍሉ ብቸኛ መስኮት በጆንያ ተጠቅጥቋል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይንጫጫሉ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ ነገር ስለምታጣራ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን እንደማትወድ ብትናገርም ውስጥ ውስጡን ደስ ይላታል። የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘችው። ሬሳ ባለበት ቤት ይህን ያህል ሕይወት መኖሩ ቀፈፋት።

«ነገሩ ግልጽ ነው እኮ» አለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ። «መብራት ሲጠፋ ከሰል ያነዳሉ፤ ትናንት ማታም ጠፍቶ ነበር። መጨረሻ የወጣችው ይቺ ልጅ ናት፤ ጫጩቶቹ እንዳይበርዳቸው ብላ መስኮቱን ጠቀጠቀችው። ተማሪ ነጋዴ ይሁን ሲባል እኔ ድሮም አላማረኝም!»

ልጅቷ የተማሪዎቹ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናት። መምህሩ ሥራ ፈጠራ ሲያስተምራቸው «የሰፈራችሁ ሰው የሚያስፈልገውን ሠርታችሁ ሽጡ» ቢላቸው፣ ጫጩት ፈልፍለው ለጎረቤት መሸጥ ጀመሩ፤ ማታ ማታ መምህሩ ራሱ እዚያው እያደረ ይጠብቅላቸው ነበር። አሁን ፖሊሱ ክንዷን ይዟታል። ሰው ገዳይ ተብላ ልትወሰድ ነው።

«መስኮቱን ዘግተሻል?» አለቻት ወንፊት።

«ኧረ አልዘጋሁም! የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል ብሎ ያስተማረን ራሱ ቲቸር ነው። መስኮቱን ክፍት ትቼ፣ ለጫጩቶቹ ምግብ ሞልቼላቸው ወጣሁ። ደህና እደሪ ብሎኛል።»

ዘበኛው ተጠራ።

«ማታ ማን ገባ?»

«በበሩ ማንም አልገባም፤ እናቴ ትሙት!»

«በበሩ?»

ዘበኛው ራሱን አከከ። «ከኋላ አጥሩ ቀዳዳ አለው። በዚያ ማን የማይገባ አለ? ተማሪውም፣ እትዬ ጫጩትም፣ ሲያረፍዱ ምክትሉም በዚያው ናቸው።»

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

እትዬ ጫጩት ከአጥሩ ጀርባ ጫጩት እየፈለፈለች የምትሸጥ ሴት ናት። ልጆቹን ከእንቁላል አያያዝ ጀምሮ ያሠለጠነቻቸው እሷ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አለች። «ልጅቷን ግን አታስጨንቋት። ልጅ ናት፤ ሳታውቅ ነው የዘጋችው።»

ወንፊት ይህን ደግነት ልብ አለችው። ከዚያ ካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አንድ ጫጩት አነሳችና አንገቱ ሥር በጣቷ ዳበሰችው። ሌላም አነሳች። የምግብ ሳህናቸውን አየችው፤ ጢም ብሎ እንደሞላ ነው፣ ላዩ ላይ አንድም የእግር ዱካ የለም።

«ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰብስቡልኝ» አለች።

ሲሰበሰቡ ድምጿን ሳታነሳ ጀመረች።

«ይህ ጭስ ጎልማሳ ሰው ገድሏል። ታዲያ እፍኝ የማይሞሉ ጫጩቶች እንዴት ተረፉ? ክፍሉ በጭስ ሲታፈን እዚያ አልነበሩም። አንድ ሰው አስቀድሞ አወጣቸው፤ ሲነጋ መለሳቸው።»

«እሷው አውጥታቸው ይሆናላ!» አለ ምክትሉ ወደ ልጅቷ እያመለከተ።

«ወዴት? በዚህ ብርድ ውጪ ቢያድሩ ያልቁ ነበር። የሞላችላቸው ምግብ አልተነካም፤ እነሱ ግን ጥግብ ብለዋል፤ አንገታቸው ሥር ያለው የምግብ ቋት ሞልቷል። ሞቋቸው፣ በልተው ያደሩበት ሌላ ቤት አለ ማለት ነው። የዘበኛው ማደሪያ ባዶ ቆርቆሮ ነው። የእርስዎም ቢሮ ያንቀጠቅጣል። እዚህ አካባቢ በከሰል የሚሠራ የጫጩት ማሞቂያም የጫጩት ምግብም ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ እትዬ ጫጩት ዞሩ። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

«ሰፈሩ በሙሉ ወደ ልጆቹ ዞረ፤ አንቺ ጋ የሚመጣ ጠፋ» አለች ወንፊት ለስለስ ብላ። «መምህሩ እዚህ እንደሚያድር ታውቂያለሽ። ሲተኛ ጠብቀሽ ከሰሉን ጨመርሽ፣ መስኮቱን ጠቀጠቅሽ። ጫጩቶቹም አብረው ቢሞቱ ኖሮ እኔም አደጋ ነው ብዬ እሄድ ነበር። ለምን አወጣሻቸው?»

ሴትየዋ ቀና አለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጫጩት ሳሳድግ ኖሬ፣ እንዴት ብሎ እጄ ይጨክናል? እነሱ ምን አጠፉ?»

ወንፊት ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ከልቡ የመለሰላት ግን አልነበረም። ፖሊሱ የልጅቷን ክንድ ለቆ ሴትየዋን ያዛት።

ልጅቷ ነፃ መሆኗ የገባት አትመስልም። እያለቀሰች ከኋላቸው ሮጠች።

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩንም? እኛ እኮ ሌላ ሥራ መፈለግ አያቅተንም ነበር!»