ኢንችና ሚሊ

ሁለት የብሎን ዳዶዎች ከባዶው ፌስታል ጥግ ተንከባልለው ፑይ ዪ እግር ስር ወደቁ።

ጎንበስ ብላ አነሳቻቸው። አዲስ ናቸው፤ የፋብሪካው ዘይት እንኳ አልለቀቃቸውም። ለአሮጌው የወታደር መኪና ከተገዛው የመጎተቻ ጋንቾ ጋር የመጡ ናቸው። ትናንት ሁለት ዳዶ ጎደለኝ ብላ ጋራዡን ስታተራምስ የዋለችው እነዚህን ስትፈልግ ነበር።

ታዲያ በነሱ ቦታ ያሰረችው ምንድን ነው? መልሱ ሲመጣላት ወደ መደርደሪያው ዞረች።

መደርደሪያው ላይ ሁለት ቆርቆሮ አለ። የኢንቹ ዳዶ በወተት ቆርቆሮው፣ የሚሊው በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ይቀመጣል። አባቷ «የወታደሩ መኪና የሚገባው ኢንች ነው፣ አዲስ ዕቃ የሚገባው ሚሊ፤ ሁለቱን አታጋቢ» ሲላት ነው ያደገችው። የግማሽ ኢንች ዳዶ ከአሥራ ሁለት ሚሊ ብሎን በጥቂቱ ይሰፋል። ሰተት ብሎ ይገባል፣ የያዘ ይመስላል፣ ኃይል ሲያርፍበት ግን ሾልኮ ይወጣል። ትናንት መሽቶባት ከወተት ቆርቆሮው ሁለት አነሳች። በጣቷ ሲገቡላት ደስ አላት። በቁልፍ ስታጠብቃቸው መዞር አላቆሙም፤ እሷ ግን በቃ ጠብቋል ብላ ለጠበቀ ዳዶ ምልክት የሚደረገውን አረንጓዴ ቀለም ቀባችባቸው። አባቷ ሲጠይቃትም «ሁሉም ጠብቋል» አለችው።

ከጋራዡ ጀርባ የመኪናው ሞተር ተነሳ። እንግሊዞች ከጦርነቱ በኋላ ጥለውት የሄዱት፣ አገሬው «የተራራው ንጉሥ» የሚለው መኪና ነው። ዛሬ ግንድ እንደጫነ ወንዝ ውስጥ የተቀረቀረ ሎሪ ሊያወጣ ነው።

ፑይ ዪ ዳዶዎቹን ጨብጣ ሮጠች።

ወንዙ ዳር ስትደርስ ሹፌሩ ፓክ ሰማን መሪውን ይዘዋል። የአጎቷ ልጅ ጂ ሃው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከመኪናው ጋንቾ የተዘረጋውን የብረት ገመድ ሎሪው ላይ አስሮ ጨርሷል። አባቷና የአባቷ ታላቅ ወንድም አፓክ፣ የጂ ሃው አባት፣ ዳገቱ ላይ ቆመው ያያሉ። በጋራዡ የመጨረሻው ቃል የአፓክ ነው። ባለፈው ሳምንት እራት ላይ «ይሄን ሥራ ካበላሸች ትምህርት ሲዘጋ ኢፖ ከተማ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ፀጉር ቤት ሰው ይፈልጋሉ» ብለው ቆርጠዋል። ፑይ ዪ ደግሞ ከዚህ ጋራዥ ሌላ የምትወደው ቦታ አልነበራትም።

ምናልባት ጋንቾው ይችለው ይሆናል፣ አለች በልቧ። ከአራቱ ዳዶዎች ሁለቱ ደህና ናቸው። ዛሬን ብቻ ከቻለው ነገ ማንም ሳያይ ትቀይረዋለች።

ገመዱ ውሃውን እያራገፈ ቀና አለ። ጂ ሃው አያት።

«ምን ይገትርሻል? ነይ ዋኚ እንጂ!» አላት እየሳቀ። ገመዱ ከደረቱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

«ፓክ ሰማን፣ ያቁሙ! ጋንቾው ይነቀላል!» ብላ ጮኸች ፑይ ዪ።

ሞተሩ ጠፋ። ገመዱ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ወደቀ። አባቷ ወርዶ መኪናው ስር ገባ። የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። ሲወጣ መዳፉ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዳዶ ነበር።

«ኢንች» አለ። «ማነው ያሰረው?»

ጂ ሃው ከውሃው እየወጣ ነበር። ፑይ ዪን አየ፣ አባቱን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት ላግዛት ብዬ... ቆርቆሮው ተምታታብኝ።»

አፓክ ልጃቸውን ገላመጡትና «አህያ» አሉት። በቃ ይኸው ነበር። ለጂ ሃው አንድ ስድብ ብቻ ነው፤ እሱን ኢፖ የሚልከው የለም። በዓይኑ ዝም በይ አላት። ደግ ልጅ ነው። ጋንቾው ቢነቀል ኖሮ ግን ገመዱ ተወርውሮ የሚገድለው እሱን ነበር።

«ይዋሻል» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «እኔ ነኝ። ሲዞር እያየሁ ጠብቋል አልኩ። ጂ ሃው ትናንት ጋራዥ ድርሽ አላለም።»

«አላልኩም?» አሉ አፓክ ወደ ወንድማቸው ዞረው። «ትምህርቱም በዚህ ሳምንት ይዘጋል፤ ሰኞ ትሄዳለች።»

አባቷ የያዘውን ዳዶ ኪሱ ከተተ። ፊቱ ተቆጥቷል፤ እንዲህ ተቆጥቶ አይታው አታውቅም።

«ሰኞ የሚሆነውን ሰኞ እንነጋገራለን» አለ። «አሁን ሥራው አላለቀም።» ቁልፉን ወረወረላት።

ፑይ ዪ ጭቃው ላይ በጀርባዋ ተኝታ መኪናው ስር ገባች። የቀረውን የኢንች ዳዶ አወጣች። ሌሎቹ ሁለቱ ትክክለኛ ነበሩ፣ ጥብቅ ብለዋል። ከላይ ፓክ ሰማን «ደህናውን ለምን ትነካኪዋለሽ ልጄ? ቀኑ ሄደ እኮ» ሲሉ ሰማች።

እሷ ግን እነሱንም ፈታቻቸው፤ አራቱንም ከመጀመሪያው ልታስር።