ኮፍያ የለበሰው ስልክ

«ድገሚው፣ በናትሽ ድገሚው!» አለ ቻርጀር ሆዱን ይዞ። ከሰው ቻርጀር ሳይለምን ውሎ ስለማያውቅ ክፍሉ በሙሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

አብራው የምትማረው ልጅ ቤቷ ሳሎን ውስጥ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችው። አያቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩ ይጮኻል፦ «መድኃኒትህን ውሰድ! ረስተሃል! ቁልፉን ተጫን!» እሳቸው ስልኩን ትንሽ ያዩትና ኮፍያቸውን አውልቀው ይደፉበታል።

«ኮፍያ አለበሱት እኮ! ነገ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል» አለ ቻርጀር።

ነገ የትምህርት ቤቱ የፈጠራ ውድድር ነው። ሁለቱ የሠሩት መድኃኒት አስታዋሽ አፕ በአረጋውያን መሞከር፣ የሞከሩትም ሰዎች አስተያየት መቅረብ ነበረበት። እሷ ግን አያቷን ምንም አልጠየቀቻቸውም። አፑ ያለበትን ስልክ ሰጥታቸው ወጣችና ሳያዩዋት በበሩ ክፍተት በራሷ ስልክ ቀረፀቻቸው። ከቪዲዮው ሥር «አረጋውያን ቴክኖሎጂ ይፈራሉ» ብላ ጻፈችበት።

ቻርጀር ድንገት ሳቁን ዋጠ። ዞር ስትል አያቷ የውኃ ብርጭቆ ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ ስክሪኑን እያዩ። «ኮፍያው ግን አምሮበታል።»

ማንም አልሳቀም።

«አባባ... ለምንድነው የሸፈኑት? አስፈራዎት?»

«ምኑ ያስፈራኛል? መድኃኒቴን እንደሆነ ውጫለሁ። አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ አንድ ቀን ‹አንተ› ብለሽኝ አታውቂም። እዚያ ውስጥ ያለችው ግን በአንቺ ድምፅ ‹ውሰድ፣ ተጫን› ትለኛለች። ምን ላድርጋት? አፏን አፈንኩት።»

ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። በኃይል ቢዘጉት ይሻላት ነበር።

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ድምፁን ስትቀዳ «ስልክ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራው» ብላ ነበር። ማን እንደሚሰማው ለአፍታ እንኳ አላሰበችም።

ቪዲዮውን ልትሰርዝ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ቻርጀር ብድግ አለ። «እንዳታጠፊው! ሌላ የምናሳየው የለንም። ትቀልጃለሽ እንዴ? ነገ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

አጠፋችው። ከዚያ ተነስታ ወደ አያቷ ክፍል ሄደች። ስልኳን ያሾለከችበት ክፍተት አሁን ግጥም ብሏል። አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ልግባ?»

 እጀታውን ሳትነካ ፈቃዳቸውን ቆማ ጠበቀች።