ቀጭኑ ሽቦና ቀዩ ጨርቅ

ሟቹ ኤሌክትሪሺያን ኮፈኑ በተከፈተው መኪና ላይ እንደተደፋ ነበር። ሁለቱም እጆቹ የጎማ ጓንት ለብሰዋል። «ሊቁ» የሚሉት ሽማግሌው መካኒክ፣ ያስተማረውን ልጅ ማየት ከብዶት ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«ከሥራ በፊት የመኪናውን የኤሌክትሪክ ማቋረጫ መሰኪያ የሚነቅለው ሊቁ ነው» አለ ባለጋራዡ፣ የሟች ታላቅ ወንድም፣ ለመርማሪዋ። «ዛሬ ረሳው። እኔ ጓንቱን በእጄ ሰጥቼዋለሁ። ሽማግሌው ትናንት እንኳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሲፈልገው ነው የዋለው።»

ጥግ ላይ የቆመው የጋራዡ ጎሚስታ ሳቅ አመለጠውና አፉን ያዘ። ሊቁ አልተቆጣም። እውነት ነው፤ ይረሳል። ነቅዬዋለሁ ወይስ አልነቀልኩም? ጥያቄው እንደ ምስጥ ውስጡን ይበላዋል። ሲነቅል ይታየዋል፤ የዛሬው ይሁን የትናንቱ ግን መለየት አቃተው።

«አባባ፣ የመኪና ባትሪ ሰው ይገድላል እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

«አሥራ ሁለት ቮልቱ አይገድልም፣ ልጄ። እሱ ለመብራትና ለጥሩምባ ነው። ይሄ ትልቁ ባትሪ ግን መኪናውን ራሱን በኤሌክትሪክ ያስኬዳል። ያን ሁሉ ጉልበት በአሥራ ሁለት ቮልት ልላክ ብትዪ ከረንቱ ይበዛል፣ ሽቦው ይግላል፤ እንዳይግል ክንድ የሚያክል መዳብ ያስፈልግሻል። ቮልቱ ከፍ ሲል ያው ጉልበት በትንሽ ከረንት፣ በቀጭን ሽቦ ያልፋል። ለዚህ ነው ከሦስት መቶ በላይ ያደረጉት።» በጣቱ ወደ መኪናው አመለከተ። «ሽቦው ቀጠነ፤ ሞቱ ቀረበ።»

«ማቋረጫውን ነቅለው የት ያኖሩታል?»

«በቀይ ጨርቅ ጠቅልዬ ጃኬቴ ኪስ። ሥራው እስኪያልቅ ማንም አይነካውም።»

ጃኬቱ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ማቋረጫው መኪናው ላይ እንደተሰካ ተገኝቷል። «ጨርቁስ?» አለች መርማሪዋ። ሊቁ ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰ። የለም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እሱንም ጥዬዋለሁ ማለት ነው» አለና ከመርማሪዋ ጋር ለመጣው ፖሊስ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። ጓንቶቹን ከሟች እጅ በቀስታ አወለቀች፤ አፋቸውን ጠቅልላ በአየር ነፋቻቸው፤ አየር ያፈሱ እንደሆነ ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ሁሉንም መኪናው ዙሪያ ጠራች።

«ጣቶቹ ተቃጥለዋል። ጓንቱ ግን የመርፌ ቀዳዳ የለውም። ለብሶት ቢሆን ባልሞተ። ስለዚህ ጓንቱን ሌላ ሰው ያለበሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጓንቱ የት ይቀመጣል?»

«የባለጋራዡ ሎከር ውስጥ» አለ ጎሚስታው። «ቁልፉ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም።»

ሎከሩ ተከፈተ። ቀዩ ጨርቅ ከታች ተጨማድዶ ወድቋል። ዘረጋችው፤ የማቋረጫው ቅርጽ በአቧራ ታትሞበታል።

«አባባ ነቅለውት ነበር» አለች ወደ ባለጋራዡ ዞራ። « ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው የሰኩት እርስዎ ነዎት። ጓንቱን ለማውጣት ሲጣደፉ ጨርቁ እዚህ ወደቀ።»

ባለጋራዡ አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ አለ። «ደንበኛው በስልክ ‹ተነሣ ወይ?› እያለ ይጨቀጭቀኛል። ወንድሜ ብሎን ሊያመጣ ወጥቷል። ሰክቼ አስነሣሁት። ሲነሣ ድምፅ የለውም እኮ! ስልኩን እያወራሁ ወጣሁ... መንቀሉን ረሳሁት። ስመለስ በባዶ እጁ ነክቶት ሞቷል፤ ጓንት ሰጥቼው ነበር ለማለት አለበስኩት።» ወደ ሊቁ ቀና አለ። «ጋሼ...»

ሊቁ ወደ ሟቹ ተጠጋና ትከሻውን ዳበሰ።

«ነቅዬልህ ነበር፣ ልጄ» አለ። ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ ያን ጊዜ ወረደ።